አጋዘን ለሚያድኑ ወገኖች፦ ትክክለኛውን የሥጋ ማቀዝቀዣ ላስመረጡን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በሰሜን ቨርጂኒያና በአካባቢው የምትኖሩ፣ በመኸር ወራት አጋዘን የምታድኑ ወገኖች፣ እንዲሁም ለበዓል ከገበሬ በሬ ገዝታችሁ ቅርጫ የምትካፈሉ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው አንድ የማቀዝቀዣ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። እኚህ ሰው በአሌክሳንድሪያ፣ በፎልስ ቸርችና በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችንና ሥጋ ቤቶችን ፍሪጅ ሲጠግኑ ዘመናቸውን ያሳለፉ ወገናችን ናቸው። ስማቸውና ስልካቸው በይፋ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መልእክት ቢጠይቀኝ ፈቃዳቸውን ይዤ አገናኘዋለሁ።

የማቀዝቀዣው ነገር ለምን እንዳስጨነቀን ለማያድን ሰው ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በቨርጂኒያ የቀስት አደን በኦክቶበር መጀመሪያ ይጀመራል፤ የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው ግን በኖቬምበር አጋማሽ ነው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ይገባል። ስለዚህ ጾሙን የምንጾም ሰዎች በጠመንጃው ወቅት ያገኘነውን ሥጋ የምንበላባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ የቀረው በሙሉ ታኅሣሥ 29ን መጠበቅ አለበት። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ሠራተኞች ስለሆንን የምናድነው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ማታ የተገደለ አጋዘን እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እያለ አይበለትም፤ ሰኞ ደግሞ ሥራ አለ። ሥጋ ቆርጠው የሚያዘጋጁት ቤቶች በዚያ ሰሞን ይጨናነቃሉ፤ የቨርጂኒያ ኖቬምበርም አንዳንድ ቀን እንደ ጸደይ ስለሚሞቅ እንስሳውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ በቀዝቃዛው አየር ተማምኖ መተው አይቻልም። ሙሉውን አጋዘን ለአንድ ሳምንት ያህል በንጽሕና የሚያቆይ ማቀዝቀዣ የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሼን በስልክ ሳገኛቸው የጠበቅሁት ጥያቄ በጀቴ ስንት እንደሆነ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ገንዘብ አላነሡም። በአንድ ጊዜ ስንት አጋዘን እንደምንሰቅል፣ ቆዳው ተገፎ ነው ወይስ ከነቆዳው የሚገባው፣ ሥጋው ሲገባ ገና ትኩስ ነው ወይስ ሌሊቱን ውጪ አድሮ የበረደ፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ጋራዡ በጥር ምን ያህል ይቀዘቅዛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡን የሚያጥበው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ፍሪጅ የሚመረጠው ከሥጋው ተነሥቶ ነው፤ ሥጋውን ሳላውቅ ዕቃ አልነግርህም» አሉኝ። ቀደም ብሎ ያነጋገርኩት አንድ ሻጭ ምንም ሳይጠይቀኝ ሰው የሚገባበት ትልቅ ቀዝቃዛ ክፍል ሊሸጥልኝ ተነሥቶ ስለነበር ልዩነቱ ወዲያው ገባኝ።

ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አስረድተውኛል፤ ማብራሪያቸው ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በሰፊው እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ያነሡት ብዙ ሰው የሚሞክረውን ነው፦ ዲፕ ፍሪዘር ገዝቶ ከውጭ ቴርሞስታት በማገናኘት ወደ ማቀዝቀዣነት መለወጥ። ርካሽ ነው፤ መብራትም አይበላም። ነገር ግን ሥጋው ይተኛል እንጂ አይሰቀልም። የተኛ ሥጋ በታችኛው ጎኑ አየር አያገኝም፤ የሚወርደው ፈሳሽም ከሥሩ ይጠራቀማል። እንስሳው ተበልቶ በሳጥን ከሆነ እንደሚያገለግል፣ ለሙሉ አጋዘን ግን እንደማይመክሩት በግልጽ ነገሩኝ።

ሁለተኛው በአሜሪካ ገበሬዎችና አዳኞች ዘንድ በጣም የታወቀው ኩልቦት ነው። ግድግዳውና ጣሪያው በደንብ የተሸፈነ ትንሽ ክፍል ተሠርቶ የመስኮት ኤር ኮንዲሽነር ይገጠምለታል። ኤር ኮንዲሽነሩ በራሱ ከ60 ፋራናይት በታች እንዲወርድ አልተሠራም፤ ኩልቦት የሚባለው መሣሪያ ግን የኤር ኮንዲሽነሩን የሙቀት መለኪያ በትንሽ ማሞቂያ እያሞቀ ክፍሉ ገና እንዳልቀዘቀዘ ያስመስልለታል፤ በሌላ መለኪያ ደግሞ የማቀዝቀዣው ክንፎች በረዶ እንዳይዙ ይጠብቃል። በዚህ ዘዴ ክፍሉ ለሥጋ እስከሚስማማው ቅዝቃዜ ድረስ ይወርዳል። ጋሼ ይህን ዘዴ ያከብሩታል፤ ብዙ እንስሳ በአንድ ጊዜ ለሚሰቅል ሰው ከዚህ የተሻለ የገንዘብ መፍትሔ የለም ይላሉ። ለእኛ ያልመከሩት ክፍሉ የጋራዡን ግማሽ ስለሚወስድና በአንድ ጊዜ ከሁለት አጋዘን በላይ ስለማንሰቅል ነው። ክፍሉን ራሳቸው ሠርተው ጥሩ ገንዘብ ሊያገኙበት ይችሉ ነበር። አይ ማለታቸው እምነቴን ያተረፈው ነገር ነው።

የመረጡልን ምግብ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ባለ አንድ በር የቆመ ፍሪጅ ነው፤ ውስጡ ስቴንለስ፣ መደርደሪያው የሚወጣ፣ ፋን ያለው። ራሱና የእግሮቹ ጫፍ የተቆረጠ የዚህ አገር አጋዘን ከቋንጃው ሲሰቀል ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚረዝም፣ ከሁሉ በፊት መለካት ያለበት የውስጡ ቁመት እንደሆነ፣ በመግለጫው ላይ የሚጻፈው የሊትር መጠን ግን ብዙም እንደማይጠቅም አስረዱኝ። አንገቱ ወለሉን የሚነካ ሥጋ በዚያ በኩል ቶሎ ይበላሻል።

ስለ ፋኑ የነገሩኝን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የመጠጥም ሆነ የቤት ፍሪጅ የተሠራው የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት እንጂ ትልቅ ትኩስ ሥጋ ለማቀዝቀዝ አይደለም። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ሥጋ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 3 ዲግሪ እንዲወርድ ወደ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ከውስጡ መውጣት አለበት፤ ሙቀቱም የሚደበቀው በታፋው መካከል፣ አጥንቱ አጠገብ ነው። ውጪው በረዶ መስሎ ውስጡ ለብ ያለ ሥጋ የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩን የሚያንቀሳቅስ ፋን ከሌለ፣ ወይም ሁለት እንስሳት ተጣብቀው ከተሰቀሉ፣ ኮምፕሬሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ሥራው ከንቱ ነው። ስለዚህ ደረቱ በእንጨት ተከፍቶ እንዲሰቀል፣ በሁለቱ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት እንዲኖር፣ ትኩስ አጋዘን ደግሞ ቀደም ብሎ ከበረደው ጎን እንዳይገባ አዘዙን፤ ትኩሱ የበረደውን መልሶ ያሞቀዋልና። በሌላ በኩል፣ እንስሳው ከሞተ በኋላ ጡንቻው ገና ደርቆ ሳይገተር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ጡንቻው ተኮማትሮ እንደ ጫማ ሶል የሚጠነክር መሆኑን አስጠንቅቀውናል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥጋውን ለጥቂት ሰዓት ውጪ አቆይቶ ማስገባት ለመሣሪያውም ለሥጋውም የሚበጀው ለዚህ ነው።

የሙቀት መጠኑን ከ34 እስከ 38 ፋራናይት፣ ማለትም ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል አስተካክለውልናል። ከ40 ፋራናይት ሲያልፍ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። በበሩ ላይ ያለው ቁጥር የሚያሳየው የአየሩን ሙቀት ስለሆነ በር በተከፈተ ቁጥር ይዘላል፤ ስለዚህ ሌላ መለኪያ በውኃ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ነክረው አስቀመጡልን፤ የውኃው ሙቀት እንደ ሥጋው ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ከአየሩ ይልቅ ስለ ሥጋው ይናገራል። የመጨረሻው ዳኛ ግን ታፋው ውስጥ እስከ አጥንቱ የሚገባው የሥጋ ቴርሞሜትር ነው።

ፍሪጁን ያገኘነው ከተዘጋ ምግብ ቤት ያገለገለ ሆኖ ነው፤ ሄደው ያዩልን እሳቸው ናቸው። የበሩን ጎማ ወረቀት ጣልቃ አስገብተው እየጎተቱ በአራቱም ጎን ፈተሹት፤ ወረቀቱ ያለ ትግል የሚወጣበት ጎማ ቅዝቃዜ ያስወጣል። የጋዙን ዓይነትም ከጀርባው ምልክት ላይ አነበቡ። ከዚያ በፊት ያየነውን ሌላ ፍሪጅ ውድቅ ያደረጉት በአር-404ኤ ጋዝ የሚሠራ ስለነበር ነው፤ እነዚህን መሰል ጋዞች በ2020 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ ስላዘዘ፣ አንዴ የሚያፈስ ከሆነ ጥገናው ከፍሪጁ ዋጋ ጋር ይወዳደራል። አዳዲሶቹ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት አር-290 በተባለው ፕሮፔን ነው፤ በውስጡ ያለው መጠን ትንሽ ቢሆንም ተቀጣጣይ ስለሆነ ሙያው የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም። በአሜሪካ እንደ አር-404ኤ ያለ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካ ባለሙያ የሴክሽን 608 የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ጋሼ የራሳቸውን ሳይጠየቁ ነው ያሳዩን። ሌላ ባለሙያ የምትጠሩም ብትሆኑ ይህን ወረቀት መጠየቅን አትፈሩ።

መስቀያውን በተመለከተ የፍሪጁ ግድግዳ ስስ ቆርቆሮና ፎም በመሆኑ ክብደት አይሸከምም፤ ሜንጦው የተንጠለጠለበት ብረት በራሱ አራት እግር ወለሉ ላይ እንዲቆም አድርገው አበየዱልን። የኤሌክትሪክ መስመሩም ለብቻው ሆነ፤ ከሌላ ዕቃ ጋር የተጋራ ብሬከር ሰው በሌለበት ቢወርድ ሥጋው በሙሉ ይጠፋል፤ ስለዚህም መብራት ሲቋረጥ ወይም ሙቀት ሲጨምር ስልክ ላይ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መሣሪያ ጨመሩበት። ጋራዡ በጥር ከፍሪጁ ውስጥ በላይ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ስላለ፣ ተራ የቤት ፍሪጅ በዚያ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ አልነሣም ብሎ የበረዶ ክፍሉ ሊቀልጥ እንደሚችል ነግረውን፣ ለገና የምናቆየውን ሥጋ በጋራዥ ውስጥ እንዲሠራ ተብሎ በተሠራ ለብቻው ባለ ዲፕ ፍሪዘር እንድናደርግ መክረውናል።

አንድ ነገር ከማቀዝቀዣም በላይ ስለሆነ ሳላነሣው አላልፍም። በዚህ አገር አጋዘኖች ላይ ሲ.ደብሊው.ዲ. የሚባል አንጎልን የሚጎዳ በሽታ አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በመጀመሪያ የተገኘው በፍሬድሪክ ካውንቲ ነው። ወደ ሰው እንደሚተላለፍ የታየ ነገር ባይኖርም፣ በምርመራ የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ እንዳይበሉ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ፤ ምግብ ማብሰልም በሽታውን አያጠፋውም። የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ናሙና ይቀበላል፤ በበሽታው ከተከለሉ አካባቢዎች ሙሉ እንስሳ ይዞ መውጣት ላይም ገደብ አለ። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ የእያንዳንዱ አጋዘን ሥጋ ለብቻው ታስሮ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት ፍሪዘር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ጋሼ ፍሪዘሩን በሽቦ መደርደሪያ የከፋፈሉልን ይህን ስንነግራቸው ነው።

የአጋዘን ሥጋ ስብ የሌለው በመሆኑ ለጥሬ ሥጋና ለክትፎ የሚያጓጓ መልክ አለው። እባካችሁ አታድርጉት። በዱር እንስሳ ሥጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስና አደገኛ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ በቤት ፍሪዘር ማቀዝቀዝም ሁሉንም አይገድልም። የተፈጨው 160 ፋራናይት እስኪደርስ መብሰል አለበት። ለጥብስና ለወጥ ግን እጅግ ይስማማል፤ ቋንጣ የሚያደርገውም ሰው ሥጋውን ከማድረቁ በፊት በሙቀት ማብሰል ይኖርበታል።

ስለ ሥራቸው ጠባይ ጥቂት ልጨምር። በቀጠሯቸው ሰዓት ይገኛሉ። ሒሳባቸውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በወረቀት ጽፈው ሰጡን፤ ሲጨርሱም የጠየቁት ያንኑ ነው። ከሄዱ በኋላ የመጀመሪያው አጋዘን በተሰቀለበት ሌሊት ደውለው የታፋው ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ጠየቁኝ፤ ይህን ያደረጉት ገንዘባቸውን ከተቀበሉ በኋላ ነው። ለባለቤቴ ደግሞ አጠባበቁን በአማርኛ ጽፈው በፍሪጁ በር ላይ ለጠፉላት፦ በመጀመሪያ በለብታ ውኃና በሳሙና፣ ከዚያ ለምግብ ዕቃ በሚፈቀድ ማጽጃ፣ በመጨረሻም በሩ ተከፍቶ በደንብ እንዲደርቅ፤ ከጀርባ ያለው፣ ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያስወጣው የኮንደንሰር አቧራም በየወቅቱ መጀመሪያ እንዲጠረግ።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነቡልዎት ልጆችዎ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እኔም ሆንኩ አብረውኝ የሚያድኑት ጓደኞቼ የልፋትዎን ዋጋ አንዘነጋም።

ምግብ ቤት ወይም ሥጋ ቤት ያላችሁ፣ ለገናና ለፋሲካ ቅርጫ የምታከፋፍሉ፣ ወይም እንደ እኛ በጋራዣችሁ አጋዘን የምትሰቅሉ ሁሉ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ብታማክሯቸው መልካም ነው። በኖቬምበር ሥራ ስለሚበዛባቸው በመስከረም ወይም በጥቅምት ብትደውሉላቸው በቂ ጊዜ ይሰጧችኋል። የጋራዣችሁን ስፋት፣ የጣሪያውን ቁመትና የብሬከር ሳጥኑን ፎቶ አዘጋጅታችሁ ጠብቋቸው፤ በመጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው።