«ስሌደስት»ን ለወራት ካዳመጥኩት በኋላ

የስሌድን ምርጥ ዘፈኖች ስብስብ «ስሌደስት»ን በሸክላ ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። እስካሁን ከማጫወቻው አጠገብ አልራቀም። አዲስ የተገዛ ነገር ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ቢያስደስት የተለመደ ነው። ይሄኛው ግን እየቆየ ነው የጣመኝ። መጀመሪያ በታላላቆቹ ዘፈኖች ያዘኝ፤ ዛሬ ድረስ ያቆየኝ ግን ሌላው ክፍሉ ነው።

ባንዱን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ስሌድ በእንግሊዝ ከዎልቨርሃምፕተንና ከዋልሶል አካባቢ የወጡ አራት ልጆች ናቸው። ኖዲ ሆልደር ይዘፍን ነበር፣ ጊታርም ይጫወት ነበር። ዴቭ ሂል ጊታር፣ ጂም ሊ ቤዝና ቫዮሊን፣ ዶን ፓወል ድራም። ሥራ አስኪያጃቸውም ፕሮዲዩሰራቸውም ቻስ ቻንድለር ነበር፤ ጂሚ ሄንድሪክስን ወደ ለንደን ያመጣው ሰው። ዘመኑ የግላም ሮክ ዘመን ነው። የሚያብለጨልጭ ልብስ፣ ባለ ወፍራም ሶል ጫማ፣ ሆልደር አናት ላይ ደግሞ መስታወት የተለጠፈበት ባርኔጣ። ልብሱን ረስታችሁ ድምፁን ብቻ ስትሰሙ ግን የምታገኙት ሠርቶ አዳሪ ሰፈር ያደገ፣ በየመጠጥ ቤቱ ተጫውቶ የጠነከረ ባንድ ነው።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1973 ነው። 14 ዘፈኖች አሉት። ከነሱ ውስጥ አምስቱ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጡ ናቸው፤ «ካም ኦን ፊል ዘ ኖይዝ» እና «ስኩዊዝ ሚ ፕሊዝ ሚ» ደግሞ በወጡበት ሳምንት ቀጥታ አንደኛ ሆነው ነው የገቡት። አልበሙ ራሱም አንደኛ ወጥቷል።

መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንደማንኛውም ሰው እነዚህን ነበር የማስጮኸው። «ካም ኦን ፊል ዘ ኖይዝ» አልበሙን ይከፍታል፤ ሆልደር መጀመሪያ ላይ የሚጮኸው ጩኸት ማይክ ሲሞክር የተቀዳ ነው፣ እንዳለ ተዉት። ጥሩ አደረጉ። ያ ጉሮሮ ምንም መግቢያ አያስፈልገውም። አሜሪካ ውስጥ ዘፈኑን ያስተዋወቀው በ1983 የዘፈነው ኳየት ራየት የተባለ ባንድ ነው፤ እስከ 5ኛ ደረጃ አድርሶታል። የነሱንም ሰምቻለሁ። ይነዳል፣ ግን የሆልደር ጉሮሮ የለውም።

ከሁሉም ብዙ ያጫወትኩት «ኮዝ አይ ላቭ ዩ»ን ነው። 1971፣ የባንዱ የመጀመሪያ አንደኛ። መሃሉ ላይ የጂም ሊ ቫዮሊን ይገባል። ከሥሩ ጭብጨባና የጫማ ርግጫ አለ። ቫዮሊኑ ለስላሳ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ያጉረመርማል፣ ይቧጥጣል። እንዲህ ቀላል የሆነ ዘፈን እንዲህ የሚያስፈራ ጥላ ሲኖረው ብዙም አልሰማሁም። አሁንም መርፌውን መልሼ አስቀምጥበታለሁ።

ከወር በኋላ ግን ጆሮዬ ወደ ሌሎቹ ዞረ። ይህን አልበም ከተራ ስብስብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዘፈኖቹ በዓመት ቅደም ተከተል አልተደረደሩም። ከአንዱ ታላቅ ዘፈን ቀጥሎ የ1969 ወይም የ1970 ሥራ ብቅ ይላል፤ ያኔ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ዘፈኖች። «ስኩዊዝ ሚ ፕሊዝ ሚ» እንዳለቀ «ፑክ ሂል» ይመጣል። ፑክ ሂል ዋልሶል አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። ለመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን እዚያ ወስደው በብርድ ፎቶ አነሷቸው፤ ዘፈኑ ስለዚያ ቀን ነው። ሆልደር እዚህ አይጮህም፤ ያወራል ማለት ይቀላል። እኔ የምኖረው በርሚንግሃም ስለሆነ ያንን ብርድ አውቀዋለሁ። እርጥብ ነው፣ አጥንት ውስጥ ይገባል። «ዋን ዌይ ሆቴል»ም እንደ «ፑክ ሂል» ከ1970 አልበማቸው የመጣ ነው፤ እሱንም እየቆየሁ ነው የወደድኩት። ታላላቆቹ ብቻ በተከታታይ ቢደረደሩ ኖሮ ጆሮ ይደክም ነበር። እነዚህ ለሰሚው እስትንፋስ ይሰጡታል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ድራሙ። አልበሙ ከመውጣቱ ሦስት ወር ገደማ በፊት፣ ጁላይ 4 ቀን 1973፣ ዶን ፓወል ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት። አብራው የነበረችው እጮኛው ሞተች። እሱ ተረፈ፤ ግን የማስታወስ ችሎታው ተጎዳ፣ ማሽተትና መቅመስም አቃተው። ቀስ በቀስ ወደ ድራሙ ተመለሰ። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው ምት ሁሉ ከአደጋው በፊት የተመታ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ «ጌት ዳውን ኤንድ ጌት ዊዝ ኢት»ን ስሰማ ጆሮዬ የሚሄደው ወደ ፓወል ነው። ግልጽ፣ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው አመታት ነው። ባንዱን የተሸከመው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ድምፁ የተቀዳው እንዲጮህ ተብሎ ነው። ሁሉም ነገር ወደ መሃል ተጨናንቋል፤ ቤዙ ብዙ ጊዜ በጊታሩ ይዋጣል። ጂም ሊ የሚጫወተውን መስመር ለመስማት ጥረት ይጠይቃል፣ ይህም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ድንቅ ቤዚስት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሁለቱንም ገጽ በአንዴ መስማት አልችልም፤ ራሴን ያመኛል። በስፒከር ግን፣ ክፍሉ ውስጥ እየተንቀሳቀሱ ሥራ ሲሠሩ፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ይህ ሙዚቃ አየር ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጉድለት የጊዜው ነው። አልበሙ በ1973 መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የወጣው የገና ዘፈናቸው የለም፤ እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው በየገበያ አዳራሹ በየዓመቱ የሚሰማው ማለት ነው። ለእኔ ያ ብዙም አልጎደለኝም። የጎደለኝ «ሃው ዳዝ ኢት ፊል» ነው፣ የ1975ቱ፤ በፒያኖ ተጀምሮ እያደገ የሚሄደው። ሙሉ ታሪካቸውን የሚፈልግ ሰው በኋላ የወጡትን ረዘም ያሉ ስብስቦች ቢገዛ ይሻለዋል።

ያገለገለ ሸክላ የምትገዙ ከሆነ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለውን «ማማ ዊር ኦል ክሬዚ ናው»ን አስጫውታችሁ ስሙ። ይህ አልበም ለጭፈራ የተገዛ ስለነበር ብዙው ቅጂ ተበልቷል፤ ጮክ ያለ ዘፈን ወደ ሸክላው መሃል ሲጠጋ ደግሞ የድምፁ መዛባት ቶሎ ይሰማል። የእኔው እዚያ ላይ ትንሽ ይቧጥጣል። ሻጩ ማስሰማት ካልፈለገ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ በብዛት የታተመ አልበም ነው፣ አይጠፋም።