ባለ ስድስቱ የመሮ ስብስብ ወይስ የባሌስትራ መሮ?

የበርና መስኮት ክፈፍ ለመግጠም፣ የጣሪያ ሞራሌ ለማገናኘት ወይም ካሳፎርማ ላይ ለመሥራት መሮ የሚፈልግ ሰው በፕላስቲክ ታሽጎ የተሰቀለውን ባለ ስድስት ስብስብ ይለፈው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጡ ሁለት መሮዎች ይበቁታል፦ አንድ ባለ 12 ሚሊ፣ አንድ ባለ 25። የቤት ዕቃ በጥራት ለሚሠራና ቀጭን ስለት ለሚፈልግ ይህ ምክር አይሆንም።

ስብስቡ የሚሸጠው በሒሳቡ ነው። ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ዋጋ፣ በተለይ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ አንድ ቦታ ስለማይረጋ ለስሌት ያህል 1200 ብር ተጠራ እንበል። ሻጩ «አንዱ እኮ 200 ብር ብቻ ነው የሚወጣው» ይላል። ነገር ግን ባለ 6 ሚሊው ለከባድ ሥራ ይሰበራል፣ ሰፊዎቹ ከቦርሳ አይወጡም፣ በየቀኑ እጅ የሚገቡት ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ የአንዱ ዋጋ 600 ብር ነው። ቀጥቃጩ አንዱን 450 ቢላችሁ ሁለቱ 900 ይሆናሉ፤ የተረፈው 300 ለሞረድ፣ ለብርጭቆ ወረቀትና ለአዲስ እጀታ ይውላል። ዋጋ ስትጠይቁ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ አካፍሉ፦ ለስንቱ ነው የምከፍለው ሳይሆን ስንቱን ነው የምጠቀምበት።

ስብስቡ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ችግሩ ደህናውና አስመስሎ የተሠራው ጎን ለጎን ተሰቅለው መልካቸው አንድ መሆኑ ነው። አንገቱ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» (የጠንካራ ብረት ዓይነት ስም) ስለተጻፈ አትመኑ፤ ማኅተም መምታት ብረት ከማጠንከር ይረክሳል። የሚያብረቀርቀውም ሽፋን ነው፣ ስለ ውስጡ አይናገርም። ማግኔት ማስጠጋትም ዋጋ የለውም፣ ለስላሳውም ጠንካራውም ይሳባል።

ቁርጡን የሚናገረው ሞረድ ነው። ትንሽ ደቃቅ ጥርስ ያለው ሞረድ በኪስ ይዛችሁ ሂዱ። የመሮውን ጎን፣ ከስለቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ፣ ሽፋኑ እስኪለቅ ሁለት ሦስቴ ግፉበት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ እየተንሸራተተ ቀጭን ድምፅ ካሰማ ብረቱ በደንብ ጠንክሯል። ነክሶ የብረት ዱቄት ካወረደ ያ መሮ የባሕር ዛፍ ጉጥ ሲያገኝ ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል። ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ወጣ ብላችሁም ሞክሩ፤ አንዳንዱ ጫፉ ብቻ ጠንክሮ ተሽጦ፣ በመሳል ብዛት ያ ጫፍ ሲያልቅ የቀረው ሚስማር ብረት ይሆናል። ሞረድ የሚከለክል ሻጭ ጋር ዋጋ አትከራከሩ፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቡ።

የባሌስትራው መሮ የሚገኘው መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢና ቀጥቃጮች ባሉበት ገበያ ሁሉ ነው። መልኩ አያምርም፣ የመዶሻ ጠባሳ አለው፣ ወርዱም 25 ተብሎ 24 ወይም 27 ይሆናል። ለሞራሌ ማን ይለካዋል! የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ በቂ ስለሆነ አግለው ዘይት ውስጥ ሲነክሩት ይጠነክራል፣ መዶሻም ይችላል። እዚህም ግን ሦስት ዓይነት ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው ባሌስትራ ተብሎ የሚሸጥ ፌሮ ነው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢነከር ስለት አይይዝም። ቀጥቃጩ ግራይንደር ካለው ጀርባውን ለአፍታ እንዲያስነካላችሁ ጠይቁና ብልጭታውን እዩ፦ ባሌስትራ ጫፉ ላይ እንደ ቅርንጫፍ እየተከፈለ ይፈነጠቃል፣ ፌሮ ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ይለቃል፣ ቅርንጫፉ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ መሮ ነው፤ ጎኑ ላይ የጥርሱ ሽንትር ብዙውን ጊዜ ይታያል። እጅግ ጠንካራ ነው፣ ግን መልሶ ሳይለሰልስ ከተሸጠ በሚስማር ላይ ሲያርፍ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ርካሽ ከሆነ ግዙትና ኬክ በሚጋገርበት ኦቨን 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ካጸዳችሁት ፊቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ይታያል።

ሦስተኛው ስንጥቅ ነው፣ ይህ የቀጥቃጩ ተንኮል ሳይሆን ጥድፊያ ነው። የባሌስትራ ብረት የሚስማማው ዘይት ሲሆን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ስለቱ አካባቢ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ በጨርቅ ጥርግ አድርጉት፣ ጠመኔ አሹበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ በጠመኔው ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። «ዘይት ነው ወይስ ውሃ ያጠጣኸው?» ብሎ መጠየቅ ብቻም ብዙ ይናገራል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ያስደስተዋል።

እጀታ ላይ የርካሹ ስብስብ ድክመት ወዲያው ይታያል። ጠንካራው ፕላስቲክ በብረት መዶሻ ሲመታ አናቱ ይሰነጠቃል፣ ጅራቱም (እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጫፍ) ውስጥ ውስጡን ይላቀቃል፤ ሲላቀቅ ደግሞ መሮው ሲመታ ይዞራል፣ የሚቆርጠውም ጠማማ ይሆናል። ያንን በኮላ መጠገን ድካም ነው። የባሌስትራውን እጀታ ግን ከወይራ ራሳችሁ ትሠራላችሁ፤ ጅራቱ ከሚገባበት አፍ ላይና አናቱ ላይ ከብረት የውሃ ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት ካልገባበት ግን ወይራም ይሰነጠቃል። ጅራቱን ከማስገባታችሁ በፊት በቀጭን ፑንታ ብሱለት። እጀታው ጭምር አንድ ወጥ ብረት የሆነውን አትግዙ፤ እጅ ያደነዝዛል፣ አናቱም ሲጨፈለቅ የሚፈነጠረው ስባሪ ለዓይን አደገኛ ነው።

ያገለገለ የአውሮፓ መሮ አልፎ አልፎ ይገኛል። ብረቱ ከሁለቱም ሊበልጥ ይችላል፣ ግን ጀርባውን (ጠፍጣፋውን ፊት) ገልብጡ፤ ስለቱ አጠገብ ዝገት ጉድጓድ ከቆፈረ ስለት የሚባል ነገር አይወጣለትም። ዝገቱ በሌላው ፊት ከሆነ ምንም አይደለም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል።

የትኛውም ተገዛ፣ እንደመጣ ሥራ ላይ አይውልም። የፋብሪካው ብዙ ጊዜ በ25 ዲግሪ ግድም ተስሎ ይመጣል፣ ለደረቅ ባሕር ዛፍ ይቀጥናል። 30 አድርጉት። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም፦ የተዳፋው ፊት ርዝመት የብረቱን ውፍረት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ከሆነ ዳፋቱ 8። ስለቱ ከተሸረፈ ወደ 35 ከፍ አድርጉ፤ ከተታጠፈ ግን ጥፋቱ የማዕዘን ሳይሆን የብረቱ ነው። በግራይንደር ስትቀርጹ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውሃ ንከሩ። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ሰማያዊው እስኪያልቅ ድረስ ያንን ቦታ አጥፍቶ እንደገና መሳል ነው። ከዚያ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ 120፣ 400፣ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በተራ፤ መጀመሪያ ጀርባውን፣ ቀጥሎ ዳፋቱን።

ስብስቡን አስቀድሞ የገዛ ሰው አይጣለው። ሰፊውን ለካሳፎርማ ይመድበው፤ የደረቀ ሲሚንቶ መፋቂያና ሚስማር መፈልቀቂያ ይሆናል፣ ደህናውን መሮ እዚያ እንጨት ላይ ከማሳረፍ ያድናል።