ደሴ ላይ ኮርኒስ ለምታስቀይሩ፦ የድሮ መብራቶቻችንን የያዘልን ኤሌክትሪሺያን

ደሴ ውስጥ ቤት እያሳደሳችሁ ያላችሁ ይሄን አንብቡት፣ በተለይ የድሮውን የችፑድ ኮርኒስ አስፈርሳችሁ ጂፕሰም ልታሰሩ ያሰባችሁ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለጂፕሰሙ ዲዛይን ነው፣ የተሰቀሉት መብራቶች እድሳቱ እስኪያልቅ በምን ይያዛሉ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። እኛ የእናቴን ቤት ስናሳድስ ያሰራነው ልጅ ሸዋ በር አካባቢ ካሉት የኤሌክትሪክ እቃ መሸጫዎች በአንዱ በኩል የተገኘ ነው፣ ስራው ወላሂ ልብ ያሳርፋል።

ስራ የጀመረ ቀን ሰፈሩ መብራት አልነበረም። ኮርኒስ አፍራሾቹ "መብራት የለም እኮ፣ ቶሎ ቶሎ እንንቀለው" ሲሉ እሱ እምቢ አለ፣ ሄዶ የመብራቱን መስመር ብሬከር አወረደና ሰው እየሰራ ነው አትንኩ የሚል ወረቀት ለጠፈበት። የሄደ መብራት እኮ ሳይነግር ነው የሚመጣው፣ መሰላል ላይ ያለ ሰው እጁ ሽቦ ላይ እያለ 220 ቮልት ከመጣ ንዝረቱ ባይገድለው መውደቁ ይገድለዋል። ከዛ መብራት ሲመለስ ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሰራ ሶኬት ላይ ሞከረው፣ ቴስተሩ ራሱ እንደሚሰራ ካየ በኋላ ነው ወደ አምፖሎቹ ሽቦ የሄደው። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አጥፍቶ መስራት ለምን እንደማይበቃም አሳየን፣ አንዱ መኝታ ቤት ላይ ድሮ የዘረጋው ሰው ማብሪያውን በፌዙ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) ፈንታ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ላይ ነው የገጠመው፣ ስለዚህ አምፖሉ ጠፍቶም ፖርታላምፓው፣ ማለትም አምፖሉ የሚገባበት መያዣ ላይ ፌዝ አለ። በዛ ክፍል ስንት ዓመት አምፖል ስንቀይር እንደኖርን ሳስበው ይዘገንነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሳሎኑ ላይ እናቴ የምትወደው ከባድ ሻንደሌር አለ። እሱን ያየው ጊዜ በሁለት ቪት ችፑዱ ላይ ብቻ ነው የተያዘው፣ ቪቶቹ ደግሞ ላልተዋል፣ ማለትም ክብደቱን ከሞላ ጎደል የያዘው የኤሌክትሪክ ሽቦው ነበር። ሽቦ መብራት ያመላልስ እንጂ እቃ አይሸከምም፣ ከተወጠረ ማሰሪያው ላይ ይላላል፣ የላላ ማሰሪያ ይግላል፣ እሳት የሚነሳው ከዛ ነው። እናቴ "የኔ ጌታ፣ እሱን እንዳትሰብርብኝ አደራ" ስትለው "አብሽሩ እማማ፣ እሱን ሳላወርድ አንድ ምስማር አይነቀልም" አላት፣ እንዳለውም አደረገ። ፎቶ አንስቶ አወረደው፣ ጠብታዎቹን ለየብቻ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ አስገባ፣ የቀረውን የሽቦ ጫፍ እያንዳንዱን በሞርሴቲ (በሽቦ ማሰሪያ) ዘግቶ በናስትሮ (በኤሌክትሪክ ፕላስተር) ጠቀለለ።

ቀላሎቹን መብራቶች አላወረዳቸውም። ችፑዱ ከመነካቱ በፊት አንድ በአንድ በወፍራም ሽቦ ከጣራው እንጨት ጋር አሰራቸው፣ ኮርኒሱ ሲነሳ መብራቶቹ በራሳቸው ማሰሪያ ቀሩ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላላ ብሎ ምንም ሳይሸከም። አቧራ እንዳይገባባቸውም በላስቲክ ሸፈናቸው፣ ላስቲክ እስካለበት ድረስ ግን ማንም እንዳያበራቸው አስጠነቀቀ።

ኮርኒሱ ሲከፈት የታየውን ደግሞ ልንገራችሁ። አይጥ የላጠው ሽቦ፣ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ የተተወ መገጣጠሚያ፣ እና የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት ቆርቆሮው ስር ውሃ ይቋጥርና ይንጠባጠባል፣ ያ ሁሉ ሽቦው ላይ ነው የሚወርደው። የተላጠውን ቀየረ፣ መገጣጠሚያውን በሙሉ ስካቶላ (የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥን) ውስጥ አስገባ። ጂፕሰም ሰሪው አንዱን ስካቶላ ሊደፍንበት ሲል አስቆመው፣ ነገ ብልሽት ቢኖር የሚከፈትበት ቦታ መቅረት አለበት ብሎ። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ ግን እሱ ነው ልክ።

ሻንደሌሩን መልሶ ለመስቀል ጂፕሰሙን አላመነውም፣ ቦርዱ 12 ሚሊ ቢሆን እንኳን የሚንጠለጠል ክብደት ለብቻው አይችልም። ጂፕሰሙ ከመመታቱ በፊት በሁለቱ የጣራ እንጨቶች መሀል ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) አጋድሞ በብሎን አሰረ፣ መንጠቆውን እሱ ላይ ገጠመ፣ ከዛ ከሻንደሌሩ የሚከብድ አሸዋ በጆንያ አንጠልጥሎ አሳደረው። ጠዋት ምንም ንቅንቅ አላለም። ይሄ ለኛ ቀበጥነት አይደለም፣ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፣ በ1953 ከከሚሴ ወዲያ ያለችውን የካራቆሬን ከተማ ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ በ2017ም ከአዋሽ ፋንታሌ በኩል የተነሳው እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ከበላያችን የሚንጠለጠል ነገር ከቤቱ አጥንት ጋር መያያዝ አለበት።

ደስ ያላለኝም አለ። ሰዓት አያከብርም፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ሁለቴ ጂፕሰም ሰሪዎቹ እሱን ሲጠብቁ ስራ ፈተው ዋሉ። የሚያስከፍለው በፖይንት (በእያንዳንዱ የመብራትና የሶኬት ቦታ) ነው፣ ሂሳቡ ከሌሎቹ ወደድ ይላል፣ ማውረዱንና መልሶ መስቀሉን ለየብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ሳይጀምር በደንብ ተነጋገሩ። እቃ እናንተ ግዙ ይላል፣ ዝርዝሩን ግን ይጽፍላችኋል፣ ለመብራት 1.5 ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ ብሎ፣ ሱቅ ሄዳችሁ ርካሹን ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ ከመጣችሁ አይዘረጋውም፣ ያስመልሳችኋል።

ሌላ ሰው የምታሰሩም ከሆነ ኮርኒሱ ሲነሳ መብራቱን በምን ትይዘዋለህ ብላችሁ ጠይቁት፣ "በሽቦው ይንጠልጠል ችግር የለውም" ካለ ሌላ ፈልጉ። የኛው ልጅ ኮምቦልቻም ይወርዳል፣ ትራንስፖርቱን ግን እናንተ ናችሁ የምትችሉት።