በእጄ የገጠምሁት የቆዳ ቺንጋ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ዘፋኟ አንዱን ቃና ይዛ ስታስረዝመው ድምጿ ሳይዋልል እስከ መጨረሻው ደረሰ። የገዛሁት ለፎኖግራፌ፣ ማለትም ድምፅ የተቀረጸበትን ድብልብል ቱቦ (ሲሊንደር) እያዞረ ለሚያጫውተው የድሮ ማሽን፣ ቺንጋ የሚሆን ያልተገጠመ የቆዳ ጥብጣብና ሙጫ ነው፤ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ፎኖግራፌ እ.ኤ.አ. በ1898 ገበያ ላይ መዋል የጀመረው፣ በሚጠመዘዝ ሞላ (ስፕሪንግ) የሚሠራው ኤዲሰን ስታንዳርድ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሞተር ከላይ ያለውን ሲሊንደር የሚያዞረው በአንዲት ቺንጋ ነው። ሲሊንደሩ በደቂቃ 160 ጊዜ መዞር አለበት። ሞላው እየላላ ሲሄድ ፍጥነቱን የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ አለው፤ መቆጣጠሪያው ግን ያለው ሞተሩ ላይ፣ ከቺንጋው በፊት ነው። ቺንጋው ያዛነፈውን የሚያርም ሌላ ነገር የለም።

ከዚህ በፊት ተገጥሞ የተሸጠልኝ ቺንጋ ጫፎቹ ሳይሳሱ ተደራርበው የተጣበቁ ነበሩ። ያ ወፍራም መጋጠሚያ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበትና ሲሊንደሩን የሚያዞረው ክብ) ላይ በወጣ ቁጥር ድምፁ ይዋልላል። ሻጩን ብትጠይቁት «ሲሊንደሩ ተጣሞ ነው» ይላችኋል። አይደለም! የተጣመመ ሲሊንደር የሚያዋልለው በየዙሩ ነው። ቺንጋው ግን ከፑሌጃው ዙሪያ ስለሚረዝም መጋጠሚያው ተመልሶ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ ይለየዋል። ደግሞ የሰም ሲሊንደር በተጫወተ ቁጥር ስለሚበላ፣ በተበላሸ ቺንጋ ማጫወት ሲሊንደሩን በከንቱ መጨረስ ነው።

አዲሱን ጥብጣብ ስገጥም አንዱን ጫፍ ከላይ፣ ሌላውን ከታች በሰያፍ በምላጭ አሳሳሁ። ከዚያ ሲደራረቡ ውፍረታቸው ከቀረው ቆዳ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይኸው ብቻ ነው። ለስላሳውን ፊት ወደ ፑሌጃው አዞርሁት፤ የተሻለ የሚይዘው እሱ ነው።

አብሮ የመጣው ሙጫ ግን አይረባም። ሲደርቅ እንደ አጥንት ይጠነክራል፤ መጋጠሚያው ፑሌጃው ላይ መታጠፍ አቅቶት ትክ ትክ ይላል። አላቅቄ ጫማ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ አጣበቅሁት። እሱ ከደረቀም በኋላ ይተጣጠፋል፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀም። ቆዳው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተለጥጦ ነበር፤ አንዴ አጠበቅሁት፣ በቃ።

«የጎማውን ውሰድ፣ መጋጠሚያ የለውም» የሚለኝ ነጋዴ መቼም አይጠፋም። መጋጠሚያ እንደሌለው አልክድም። ግን ጎማ አጥሮ ከተወጠረ ሳያቋርጥ ይስባል፤ ዘንጉን ወደ ጎን ይጎትታል፣ ዘንጉ የሚዞርበትን ቦታ ይበላል፣ የሞላውንም ጉልበት ይጨርሳል። አርጅቶ የቀለጠ ጎማ ፑሌጃ ላይ የሚተወውን ዝልግልግ ነገር ፍቆ ያጸዳ ሰው ደግሞ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ቆዳ ቢያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ያኔ አውጥቶ ሌላ መቁረጥ ነው፤ ማሽኑን አያበላሽም። ፋብሪካውም ቢሆን በዘመኑ የገጠመለት ቆዳ ነው።

ጥብጣቡን ለሚሸጡት የምለው፦ ሙጫውን አውጡትና ዋጋውን ቀንሱ፤ ቆዳውን እንዳለ ተዉት። ለሌላው ፎኖግራፌ ሁለተኛ ጥብጣብ አዝዣለሁ።