ነባሩ ሲሸኝ ማልያው ላይ የሚቀረው ስም፦ የጎንደር ማልያ ህትመት ሲመዘን

ሰኔ የጎንደር ማልያ ማተሚያዎች ፋታ የሚያጡበት ወር ነው። የአብዛኞቹ የአውሮፓ ክለቦች ተጫዋቾች ውል ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን ያበቃል፤ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተሸኘ የሚለየውም በዚያው ሰሞን ነው። ዜናው ሲሰማ ፒያሳና አራዳ ያሉት ማሽኖች ፊት ሁለት ዓይነት ደጋፊ ይቆማል። አንዱ የሚሰናበተውን ተጫዋች ስም ለማስታወሻ ሊያሳትም የመጣ ነው። ሌላው ድሮ ያሳተመውን ስም አስነቅሎ የተተኪውን ሊያስለጥፍ ማልያውን በፌስታል ይዞ መጥቷል። ለመጀመሪያው አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ምን እንደሚጠይቅ ካወቀ። ሁለተኛው ግን ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ቢያቆይ ይሻለዋል፤ ምክንያቱ ወረድ ብሎ አለ።

በ2025 እ.ኤ.አ. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ኬቨን ዴ ብሩይነ ከ10 ዓመት በኋላ ከማንችስተር ሲቲ፣ ሉካ ሞድሪች ከ13 ዓመት በኋላ ከሪያል ማድሪድ፣ ሶን ሁንግ ሚን ከ10 ዓመት በኋላ ከቶተንሃም፣ ቶማስ ሙለር ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ 25 ዓመት ከኖረበት ባየርን ሙኒክ በአንድ ክረምት ወጡ። ሙለር ውሉ እንዳይታደስ የወሰነው ክለቡ እንጂ እሱ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል። ዴ ብሩይነም አዲስ ውል ስላልቀረበለት መገረሙን አልደበቀም። እንዲህ ያለው አሸኛኘት ደጋፊን ያስከፋል፣ ቢያስከፋም አይፈረድበትም። ችግሩ የከፋው ሰው ይቸኩላል፤ በችኮላ የተለጠፈ ፊደል ደግሞ ክረምቱ ሳያልቅ ይላቀቃል።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን አይደለም፣ ዕቃውን ነው። ከተማው ውስጥ የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሠራተኞቹ ስቲከር የሚሉት ቪኒል ነው። ፊደሉ ከጥቅል ላስቲክ በመቁረጫ ማሽን ይቆረጣል፣ ትርፉ በወረንጦ ይለቀማል፣ ከዚያ በሂት ፕሬስ፣ ማለትም በጋለ ብረት በሚጫን ማሽን፣ ይጫናል። ሁለተኛው ዲቲኤፍ ነው። ስሙ ፊልም ላይ በቀለም ታትሞ፣ ሙጫ ዱቄት ተነስንሶበት ይመጣል፤ ጨርቁ ላይ ተጭኖ ፊልሙ ይላጣል። ዲቲኤፍ ብዙ ቀለም ላለው አርማና ለፎቶ ተወዳዳሪ የለውም። ለስምና ለቁጥር ግን ምርጫችን ቪኒል ነው። ትልቅ ቁጥር በዲቲኤፍ ሲሠራ ጀርባ ላይ እንደ ላስቲክ ሰሌዳ ይደርቃል፣ ላብም አያሳልፍም፤ ደጋግሞ ሲታጠብና ሲታጠፍ መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። ቀጭን ቪኒል ከጨርቁ ጋር ይለጠጣል። ለማስታወሻ የሚሠራ ማልያ ብዙ ዓመት እንዲቆይ ስለሚፈለግ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሥራ የሚበላሸው ሙቀት ላይ ነው። ማልያ ፖሊስተር ነው፣ ተራ ቪኒል ደግሞ ብዙውን ጊዜ 150 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫናል። የአርሰናል፣ የማንችስተር ዩናይትድ፣ የሊቨርፑል ቀይ ማልያ ላይ ነጭ ፊደል በዚህ ሙቀት ሲጫን የጨርቁ ቀይ ቀለም በሙቀቱ ተንኖ ወደ ነጩ ላስቲክ ይገባል። ስትረከቡት ነጭ ነው፤ በማግስቱ ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ ሮዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደንበኛው «ጥራት የሌለው ስቲከር ለጠፉብኝ» ይላል፣ ሠራተኛው ደግሞ «ማልያህ ቀለም ይለቃል» ይለዋል። ጥፋቱ የሙቀቱና የዕቃው አለመጣጣም ነው። መፍትሔው በ120 እና በ130 ዲግሪ መካከል የሚያዝ፣ ከሥሩ ቀለም የሚያግድ ግራጫ ሽፋን ያለው ቪኒል ነው። የቪኒሉን ጀርባ አገላብጣችሁ እዩት፤ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ሱቁ ይህ ዓይነቱ ከሌለው፣ ለቀይ ማልያ ወርቃማ ወይም ጥቁር ፊደል መምረጥ ነጩን ከማበላሸት ይሻላል። ለነጩ የማድሪድ ማልያ ይህ ጣጣ የለበትም።

«ወንድሜ፣ ሙቀቱን ስንት ላይ አድርገኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ሠራተኛ የማሽኑን ቁጥር ያሳያችኋል። «እኛ እናውቀዋለን» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ማልያችሁን አትስጡት።

የጎንደር ክረምት የራሱ ፈተና አለው። ማልያው በዝናብ ከመጣ ወይም እርጥበት ባለበት ቤት ከከረመ ጨርቁ ውኃ ይዟል። ፊደሉ ሲጫን ያ ውኃ እንፋሎት ሆኖ ሙጫውን ከሥር ያነሣዋል። ስለዚህ ፊደሉ ከመቀመጡ በፊት ባዶ ማልያው ከ3 እስከ 5 ሰከንድ መጫን አለበት። ወረፋ ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ቆማችሁ ጠይቁ። መብራቱም አለ። 38 በ38 ሴንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ፕሬስ 1500 ዋት አካባቢ ይስባል። የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ብረቱ ጨርቁን ነክቶ ሙቀት ካጣ በኋላ ቶሎ አያገግምም። ሰዓቱ 15 ሰከንድ ቆጥሮ ቢጮህም ሙጫው በቂ ሙቀት አላገኘም። የዚህ ምልክቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ መሃሉ ይዞ ዳሩ በጥፍር ይነሣል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰዓት ከማሠራት ማልያውን አስቀምጦ በማግስቱ መመለስ ይሻላል። መብራቱ መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ ፊደሉን ሳይነኩ እስኪቀዘቅዝ መተው ነው፤ ለብ እንዳለ የተላጠ ፊልም ግማሹን ፊደል ይዞ ይነሣል።

ማልያው ማሽኑ ላይ እንዴት እንደሚነጠፍም እዩ። በታችኛው ሰሌዳ ላይ እንደ ልብስ መልበስ አለበት፣ ብረቱ የሚያገኘው የጀርባውን ጨርቅ ብቻ እንዲሆን። ሁለቱ ጨርቅ ተደርቦ ከተነጠፈ ደረቱ ላይ ያለው የክለቡ አርማ ከሥር ይጋገራል። ተጫዋቾች የሚለብሱት ዓይነት ማልያ አርማው ላስቲክ ስለሆነ ቅርጹ ይጠፋል፣ የሚመልሰው ነገርም የለም። ከላይ የቴፍሎን ጨርቅ፣ ሙቀት የሚችልና የማይጣበቅ መሸፈኛ፣ ይደረግበታል። ያለ እሱ የተጫነ ቀጭን ማልያ ላይ ብረቱ የሚያብለጨልጭ አራት ማዕዘን ትቶ ይሄዳል፤ የኮፒ ማልያ ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው።

አቀማመጡ ላይ አብዛኞቹ ማተሚያዎች ጥሩ ናቸው። ስሙ ከአንገትጌው ስፌት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ የፊደሉ ቁመት ከ5 እስከ 7 ነው፣ ቁጥሩ ለአዋቂ 25፣ ለልጅ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ማልያው ለሁለት ታጥፎ መሃሉ ላይ መስመር ካልወጣ ግን ቁጥሩ ወደ አንድ ጎን ያመዝናል።

የፊደል ዓይነት ላይ ግን ብዙ ስህተት አለ፤ ነባር ተጫዋች የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን አያልፍም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የማልያ ፊደሉን በ2007፣ በ2017 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ቀይሯል። ማንችስተር ዩናይትድን በ2023 የለቀቀው ዴቪድ ደ ሄያ የመጨረሻ ማልያው ላይ የነበረው የ2017ቱ ፊደል ነው። በ2015 ሊቨርፑልን የተሰናበተው ስቲቨን ጄራርድ ደግሞ የ2007ቱን ነበር የሚለብሰው። ኮምፒውተሩ ላይ አዲሱ ብቻ ከተጫነ የጄራርድ 8 ቁጥር ጄራርድ ለብሶት በማያውቀው ፊደል ይታተማል። ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን ዓመት ማልያ ጀርባውን የሚያሳይ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ዴ ብሩይነ ሁለት ቃል ነው፣ ክፍተቱ ይጠበቅ። የሙለር ስም ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሽንብራ አይበልጡም፤ ትርፉ በወረንጦ ሲለቀም አብረው ይወጣሉ፣ ከተለጠፉ በኋላም መጀመሪያ የሚረግፉት እነሱ ናቸው። ሠራተኛው ነጥቦቹን በጥቂቱ ወፈር አድርጎ እንዲቆርጣቸው ንገሩት።

አሁን ወደ ማስነቀሉ እንምጣ። ሞድሪች ሲሄድ 10 ቁጥሩን ኪሊያን እምባፔ ወረሰ። ስለዚህ የሞድሪች ማልያ ያለው ሰው «ቁጥሩ ይቆይ፣ ስሙን ብቻ ቀይሩልኝ» ብሎ መምጣቱ ያለ ነው። በላቲን ሲጻፍ ሁለቱም ስም ስድስት ስድስት ፊደል ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። አይደለም። አሮጌው ስም ተሞቆ በወረንጦ ሲላጥ ላስቲኩ ይወጣል፣ ሙጫው ግን የጨርቁ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል። ሙጫውን ለማንሣት አሴቶን የሚያፈሱ አሉ፤ አሴቶን ግን አጠገቡ ያለውን ህትመትና አርማ አብሮ ያቀልጣል። ሙጫው ሁሉ ቢወጣ እንኳ ጥላው አይወጣም። ማልያው በፀሐይና በእጥበት ሲደበዝዝ ከስሙ ሥር የነበረው ጨርቅ እንደ አዲስ ቆይቷልና፣ ከተላጠ በኋላም የሞድሪች ስም ከእምባፔ ሥር ይነበባል። አዲሱ ስም ደማቅ፣ የቀረው 10 ቁጥር የደበዘዘ ይሆንና የሁለት ማልያ ቁራጭ ይመስላል። ፋብሪካው በጨርቁ ውስጥ በቀለም ያተመው ስም ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ አይነቀልም።

ይህን ሥራ «ይቻላል» ብሎ የሚቀበል ሱቅ ላይ ነው ዝቅተኛ ነጥብ የምንሰጠው። «ወንድሜ፣ ይህንስ ተወው፣ ሌላ ማልያ ላይ እንሥራልህ» የሚሉ ሠራተኞች አሉ፤ ደንበኝነት የሚገባው ለእነሱ ነው። ተጫዋቹ ክለቡን ቢለቅም ያ ማልያ ላይ ያሸነፈው ዋንጫ ያው ነው። ሶን በ2025 ቶተንሃምን በአምበልነት መርቶ የአውሮፓ ሊግን ዋንጫ አንሥቶ ሄዷል፤ የሶን 7 ቁጥር ማልያ ያለው ሰው ምን ብሎ ያስነቅለዋል?

የፋሲል ከነማ ደጋፊ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጫዋች ውል አጭር ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሽ ቡድን ሊቀየር ይችላል። አጼዎቹ በ2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመሩ ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሡ አምበሉ ያሬድ ባየህ ነበር፤ አጥቂው ሙጂብ ቃሲም በዚያው ክረምት ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ በከረመባቸው ዓመታት ደግሞ የጎንደር ሰው ነባሮቹን ፋሲለደስ ስታዲየም ቆሞ፣ አጨብጭቦ አልሸኘም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነው ያያቸው። ማልያ ላይ ስም ማሳተም እዚህ የስንብት ቦታውን ተክቷል ማለት ይቻላል፣ ለዚህም በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባዋል።

የፋሲልን ማልያ በግዕዝ ፊደል ማሳተም የምንመክረው ነው፣ ግን መቁረጫው ላይ ከላቲኑ ይከብዳል። «ያሬድ» ሦስት ፊደል ብቻ ነው፣ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ጀርባው ላይ በሰፊው ይቀመጣል። አስቸጋሪዋ «ሬ» ናት። እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ውስጧ ባዶ ነው፤ ቀጭን ፊደል ከተመረጠ የቀለበቷ ግድግዳ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይሆንና ትርፉ ሲለቀም ይበጠሳል ወይም ቀዳዳው ሳይለቀም ቀርቶ ነጠብጣብ ይሆናል። ወፍራም የግዕዝ ፊደል ምረጡ፣ ከመጫኑም በፊት የተለቀመውን ስም ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ከተጫነ በኋላ የሚታረም ነገር የለም።

ሲረከቡ ጠርዙን በጥፍር ነካ ማድረግ፣ ጨርቁን በሁለት እጅ በቀስታ ለጠጥ ማድረግ በቂ ፈተና ነው። 24 ሰዓት ሳይሞላ አይታጠብ። ከዚያ በኋላ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በሳፋ ውስጥ በእጅ ይታጠብ፤ በረኪና አይነካው፣ ፊደሉ በብሩሽ አይፈተግ፣ ሲጨመቅም አይጠምዘዝ። የጎንደር ፀሐይ ዝናብ ሲያባራ ኃይለኛ ስለሆነ ጥላ ላይ፣ እንደተገለበጠ ይሰጣ። አንድ ጥግ ከተነሣ ቤት ውስጥ በካውያ አትሞክሩት፤ የካውያ ሙቀት ስለማይታወቅ ጨርቁን ያቀልጠዋል። ወደ ማተሚያው መልሱት፣ በቴፍሎን ተሸፍኖ መጀመሪያ በተሠራበት ሙቀት ለ5 ሰከንድ ይጫናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለተነሣ ፊደል ይህን በነፃ እንደሚሠሩላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ።