ርካሿ መኪናዬ ከ14 ወር በኋላ፦ ሞተሩስ ደህና ነበር

መኪናዋን ደብረ ማርቆስ ያስገባኋት በ2017 ዓ.ም. መስከረም ነው። ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ እዚሁ አገር የተገጣጠመች ቻይና ሠራሽ አውቶሞቢል ናት። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። በያዝኩት ብር አሮጌ ቪትስ እንኳ ስላልተገኘ ነው እሷን የወሰድኳት። ስገዛት ቆጣሪዋ 96 ሺህ ይል ነበር፤ ዛሬ 113 ሺህ አልፏል።

ገና አምጥቻት ስመጣ ነው ጠባይዋን ያሳየችኝ። ዓባይ በረሃን ቁልቁል በከባድ ማርሽ ይዣት በሰላም ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንጀምር ከአንድ ተሳቢ ኋላ ተያዝን። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ደግሞ አንደኛ። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነው። መርፌው ቀዩ ጋ ደረሰ። ዳር ይዤ ቆምኩና የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስሰድ፣ የአንድ የጭነት መኪና ረዳት ከሩቅ «ኧረ እንዳትነካው! ፊትህን ይልጠዋል!» ብሎ ጮኸ። ነፍሱን ይማረው አልልም፣ በሕይወት አለ፤ ዕድሜ ይስጠው። ሾፌሩ ደግሞ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ እንድነዳ መከረኝ። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚያ በረሃ ማሞቂያ ከፍቶ መንዳት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ መርፌው ግን እውነትም ወረደ።

ማርቆስ ስደርስ የመጀመሪያው መካኒክ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፈውን በር፣ አውጥቶ ጣለው። «ለዚህ አገር አይሆንም» አለ። አመንኩት። ከዚያ በኋላ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል በጠዋት ስወጣ ሞተሩ እስከ እኩለ መንገድ አይሞቅም፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ አሁንም ትፈላለች። ሁለተኛው መካኒክ «ቴስታታው ተቃጥሏል፣ ይውረድ» አለ፤ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ማለቱ ነው። የጠየቀኝን ብር ስሰማ እኔም ልፈላ ምንም አልቀረኝም።

ያዳኑኝ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ናቸው። የራዲያተሩን ክዳን ገልበጥ አድርገው አዩና ላስቲኩን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። እንደ ደረቀ ቆሎ ተፈረካከሰ።

«ጋሼ፣ ይቺ ናት እንዴ እንደዚህ ያደረገችኝ?»

«አንተ ልጅ፣ ቤታችሁ ባቄላ ቶሎ ይበስላል?»

ነገሩ ይኸው ነው። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ማርቆስ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ባቄላው ግን ይዘገያል። የሞተሩ ውሃ ደግሞ ሲሠራ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ሳይፈላ የሚያቆየው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው። ክዳኑ ካላፈነ ውሃው ይፈላል፣ ይተናል፣ ያልቃል። ክዳን ቀየርን፣ ቴርሞስታት መለስን፣ የቧንቧ ውሃውን ደፍተን ኩላንት ሞላን። ከዚያ ወዲህ ዓባይን አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

እና በ14 ወር ያየሁት ይህን ነው። ሞተሩም ካምቢዮውም ደህና ናቸው። ዘይት አትበላም፤ ቀጥ ባለ መንገድ በሊትር 12 ትሄዳለች። የሚገድላት ርካሽ ላስቲክና ፕላስቲክ ነው። የውሃ ቱቦው ተሰነጠቀ። የውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ስፌቱ ላይ ተከፈተ። ከሥሯ መወዛወዝን የሚይዘው ብረት፣ የባራው፣ ላስቲኮች በኮረኮንቹ አልቀው እንደ ከበሮ ትደልቅ ጀመር። የኋላ በር እጀታው እጄ ላይ ቀረ፤ እሱን እንኳ ትቼዋለሁ፣ ከውስጥ ነው የምንከፍተው።

ዕቃዎቹ ለየብቻ ሲታዩ ውድ አይደሉም። ውድ የሆነብኝ መጠበቁ ነው። ለቪትስ የሚሆን ዕቃ እዚሁ ማርቆስ ታገኛለህ። ለእኔዋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ሰው መላክ፣ ዕቃውን በአውቶብስ ማስጫን፣ ከዚያ መናኸሪያ ሄዶ መቆም ነው። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ለአንድ ቱቦ 11 ቀን ጠበቅኩ። ባለቤቴ «መኪናችን ጾም ይዛለች» ትላለች።

የነዳጅ ፓምፑ ግን የእሷ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። ማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዛሁ። ምን እንደተቀላቀለበት እንጃ። ፊልትሮው ተደፈነ፣ ቀጥሎ ፓምፑ ተቃጠለ። ጥቂት ሊትር ለማግኘት ብዬ የከፈልኩት የሁለት ወር ቤንዚን ይገዛ ነበር።

ጎረቤቴ ተመሳሳይ መኪና ሊገዛ ነውና ምክር ጠየቀኝ። ግዛ አልኩት፤ ግን የውሃ ክዳን፣ ቱቦዎችና ችንጋ በትርፍነት ይዘህ ግባ። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ካለህም ቀድመህ አስታርቀው። የእኔው ዘመድ ስልኬን ሲያይ «ደግሞ ምን ተሰበረ?» ነው የሚለኝ።

በሚመጣው ሳምንት የቦሎ ምርመራ አለብኝ። የኋላ ፍሬን ሸራው ዛሬም አልመጣም።