የሚታጠብ ሞዴስ ለጎጃም ተማሪዎች፦ ስፌቱ ደህና፣ ቁጥሩ ያንሳል

በጎጃም የወረዳ ከተሞች ልብስ ሰፊዎች የሚሰፉት፣ በትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ በኩል የሚታደለው ጥቅል 4 ሞዴስ፣ 2 ፓንትና አንድ የልብስ ሳሙና ይዟል። ጨርቁ ጠቆር ያለ ነው፤ ክንፎቹም ፓንቱን ከሥር አቅፈው በቁልፍ ይያያዛሉ። ስፌቱ አይታማም።

ከመግዛት በፊት የታችኛውን ሽፋን አሸት አሸት ያድርጉት። አንዳንድ ልብስ ሰፊ ውሃ በማያሳልፍ ጨርቅ ፈንታ ፌስታል ይከታል። ፌስታል ያፍናል፣ ያሳክካል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ኮሽ ማለቱ ነው። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ኋላ የምትቀመጥ ልጅ ኮሽ የሚል ሞዴስ አድርጋ ወደ ሰሌዳ አትወጣም። ሩብ ሲኒ ውሃ ቀስ ብሎ ማፍሰስም ይጠቅማል፤ ከሥሩ ከረጠበ ይመልሱት። አዲስ ጥጥ ውሃ ቶሎ ስለማይመጥ ግን ከሙከራውም ከአገልግሎቱም በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ።

አጠባው ቀላል ነው፦ በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በሳሙና ማሸት፣ አረፋው እስኪጠፋ መለቅለቅ። ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል፤ በረኪና ሽፋኑን ይበላል።

ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ስትቀይር በቀን 4 ያህል ያስፈልጋታል። በበጋ ፀሐይ ጠዋት የተሰጣው ማታ ይደርሳል። መስከረም ላይ ግን ዝናቡ ሳያባራ ትምህርት ይከፈታልና አንዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። 4 አይበቃም፤ ቢያንስ 12 ይሁን። ምድጃ አጠገብ ማንጠልጠል ሽፋኑን ያኮማትረዋል።

ፀሐይ እያለም የማይሰጣበት ምክንያት አለ። ሞዴስ ገመድ ላይ ከታየ ጎረቤቱ «ደርሳለች» ይላል፤ የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም ሽማግሌ የሚላከው ያኔ ነው። ስለዚህ እርጥቡን ፍራሽ ሥር ትሸጉጠዋለች፤ ይሻግታል፣ ይሸታል፣ ያሳክካታል። ከዚያ ጥፋቱ የሞዴሱ ይመስልና ትተወዋለች። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማረው ደግሞ ግቢውን ከስንት ተከራይ ጋር ነው የምትጋራው! አዳዮቹ ሳሙና ሰጥተው ይህን አለማሰባቸው ይገርማል።

ስለዚህ ልብስ ሰፊውን ሁለት ክፍል ያለው ሞዴስ እንዲሰፋ ይዘዙት፦ ውሃ የማያሳልፈው መያዣ ለብቻ፣ የሚመጠው ጥጥ ለብቻ። ጥጡ ለአገልግሎት ሦስት አራት ጊዜ ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ ግን ነጠላ ጨርቅ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ገመድ ላይም ከእጅ ፎጣ አይለይም። መያዣው 2 ይበቃል፤ ጥጡ ቶሎ ስለሚደርቅ 8 ያድርጉት።